ባለ ጣሪያው ድልድይና የሚሸሸኝ አማች

ልጄ ደውላ «እማዬ፣ ዘንድሮ መስቀልን ነቀምቴ ነይና አብረን እናሳልፍ፤ ባለ ጣሪያ ድልድዮችም አሉ፣ ወስጄ አሳይሻለሁ፣ ትወጃቸዋለሽ» ስትለኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ድልድዩን ነው። ድልድይ ለማሳየት ብሎ እናቱን ከደብረ ብርሃን ነቀምቴ የሚጠራ ሰው አላውቅም። ድልድይ እኛም ጋ አለ። «ጣሪያው ምን ያደርግለታል?» አልኳት። «ዝናብ እንዳይመታው ነዋ» አለች። «ወንዝ ላይ ቆሞ ዝናብ ይፈራል?» አልኳት። ሳቀች፤ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። ከዚያ ዋናውን ነገር አወጣችው። የሚያገባት ሰው አለ። ቤተሰቡ ሽማግሌ መላክ ይፈልጋሉ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ እዚያው እሷ ተከራይታ የምትኖርበት ቤት፣ እኔ ባለሁበት እንዲመጡ ተነጋግረዋል። አባቷ በሕይወት ስለሌለ መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ወይ እሺ፣ ወይ እምቢ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበርኩ። ያረፈደውን፣ አጥር የዘለለውን፣ አያቱን በየወሩ የሚቀብረውን ተማሪ በር ላይ ቆሜ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው የሰውን ቃል ከመስማቱ በፊት ጫማውን ማየት ይለምዳል። በዚያ ላይ የባሌን ሌላ ቤት ያወቅሁት በራሱ ለቅሶ ላይ ነው። ሾፌር ነበር። «ለሥራ ወልዲያ ነኝ» ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ወልዲያ ነበር። በቀብሩ ማግስት አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ልጆቿን አስከትላ ድንኳኑ ውስጥ ገባችና ከእኔ ይልቅ አምርራ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ «ለሥራ ነው» የሚል ቃል ስሰማ ወልዲያ ትዝ ይለኛል። ልጄ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ያን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

ነቀምቴ አውቶቡስ ተራ ስወርድ የተቀበለችኝ ብቻዋን ነው። በትከሻዋ አሻግሬ ዙሪያዋን አየሁ። «እሱስ?» አልኳት፣ ገና በቅጡ ሳንሳሳም። «አንገር ጉቲን ወርዷል፤ ለሥራ» አለች። የእንስሳት ሐኪም ነው፣ ከብት ሊከትብ ቆላ ይወርዳል። እኔ ግን «ለሥራ» ካለች በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም።

ባጃጅ ይዘን ወደ ቤቷ አቀናን። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ክረምቱ ገና ስላልለቀቀው ከየአጥሩ ሥር ቀይ ውኃ ይወርዳል፣ ከላይ ደግሞ ቢጫ አበባ ሞልቷል። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞር ብሎ «አዮ፣ ባጋ ነጋን ዱፍተን» አለኝ። ልጄ «እንኳን ደህና መጡ እናቴ ነው የሚልሽ» አለች። ከዚያ እሷና ሾፌሩ ረጅም ነገር ያወሩ ጀመር። «ምን አለሽ?» አልኳት። «ስለ ዝናቡ ነው» አለች። ያን ያህል የሚያስወራ ዝናብ አልነበረም። ልጄ ኦሮምኛ እንዲህ እንደምታንበለብል አላውቅም ነበር። ኮራሁባት። ወዲያው ደግሞ፣ እኔ በሌለሁበት ሌላ ምን ምን ተምራ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

የሰውየው እናትና አባት አርፈዋል። ያሳደጉት የአባቱ እህት ናቸው፤ በሰፈሩ ያለ ሁሉ አዳዳ ይላቸዋል፣ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው፤ እኔም አዳዳ አልኳቸው። ፕሮቴስታንት ናቸውና መስቀል ምናቸው ነው ብዬ ነበር የሄድኩት። ለካ እዚህ አገር መስቀል የደመራ ብቻ አይደለም፤ ክረምት ወጥቶ ዘመድ ከዘመድ የሚተያይበት ነው። የዋዜማው ዕለት እኔና ልጄ አደባባይ ወጥተን ደመራውን አይተን፣ አመሻሽ ላይ እሳቸው ቤት ስንደርስ ሣር ጎዝጉዘው፣ ጎረቤት ሰብስበው ጠበቁን።

በረንዳው ላይ አንድ ትልቅ የወንድ ቡትስ አየሁ። ጭቃው አልደረቀም፤ ደግሞም የከተማው ቀይ ጭቃ ሳይሆን ጠቆር ያለ ነው። ከውስጥ የወንድ ሳቅ ይሰማል። እኔ «ቤቶች» ስል ሳቁ ቆመ። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤት በቀር ወንድ የለም። የሆነ ነገር የረሳሁ መስዬ ተመልሼ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ቡትሱ የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄን ያዝኳት። «ሰውየው አንገር ጉቲን ነው ብለሽኝ አልነበር?» አልኳት።

«ከሰዓት ነው የተመለሰው። አንቺ ስትመጪ በጓሮ ወጣ።»

«ምን አደረግሁት?»

«ምንም። የእነሱ ወግ ነው እማዬ። አንድ ሰው ሊያገባት ካሰባት ልጅ እናት ፊት አይቆምም፤ ይሸሻል። አብሯት አይበላም፣ ስሟን አይጠራም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። አክብሮት ነው። ዛሬ ዛሬ ብዙ ሰው ትቶታል፤ አዳዳ ግን አልተዉም፣ እሱም እሳቸውን ማስቀየም አይወድም።»

አክብሮት አለች። ባሌ እንዲህ ያለ ወግ ቢያገኝ ኖሮ ወልዲያ ድረስ ባልደከመ ነበር። ሐሰት ነው አላልኳትም፤ ኋላ አንዲት ጡረተኛ ጎረቤቷን ጠይቄ እውነት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ግን ወጉ እውነት ስለሆነ የሚሸሸው ሰው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሊደበቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተመቸ ወግ ከየት ይገኛል?

የመስቀል ዕለት ምሳ አዳዳ ቤት ነበር። አንጮቴ ቀረበ፤ ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፣ ከነልጣጩ ተቀቅሎ ይላጥና በቅቤና በበርበሬ ይለወሳል። ወለጋ መስቀልን ያለ አንጮቴ አይውልም። አዳዳ «ይብሉ እንጂ እትዬ፣ አጥንት ይጠግናል» እያሉ ሳህኔ ላይ ይጨምራሉ። ጣፈጠኝ፤ መጣፈጡም አናደደኝ፣ ልቤ እንዲላላ አልፈለግሁም ነበር። በዚህ መሃል አንዲት ትንሽ ልጅ ከውስጠኛው ክፍል ወጥታ ልጄ ጉልበት ላይ እንደ ራሷ ወንበር ተቀመጠች። ገና ትምህርት ቤት ያልገባች ናት። ጭንቅላቷን ሳይ ጉርሻዬን ሳህኔ ላይ መለስኩት።

ሹሩባዋ የእኔ ነው። ሹሩባ የሚሠራ ሰው ሁሉ መሃል ለመሃል ከፍሎ ይጀምራል፤ እኔ ከግራ ጆሮ በላይ ጀምሬ አግድም እወስደዋለሁ፣ ጫፉንም ወደ ውስጥ አጥፌ በክር እቋጨዋለሁ። ልጄን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ሠርቻታለሁ፤ ከእኔ በቀር እንዲህ የሚሠራ ደግሞ እሷ ብቻ ናት። የልጅቷም ፀጉር ለዚህ የተገራ ነው፤ ለበዓል ተብሎ አንድ ቀን የተሠራ አይመስልም።

«ይቺ ቆንጆ የማን ናት?» አልኩ።

«የዘመድ ልጅ ናት» አሉ አዳዳ።

«የዘመድ ልጅ ናት» አለች ልጄ።

አጠገባቸው የተቀመጡት ጎረቤትም አማርኛቸው ብዙ አልነበረም፤ «የዘመድ ልጅ» የሚለውን ግን ጥርት አድርገው አሉት። አዳዳ ልጅቷን በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏትና ወደ ውስጥ ላኳት። ከዚያ በኋላ አልወጣችም።

ያን ቀን ማታ አንድ የሚያሳፍር ሐሳብ አእምሮዬ ውስጥ ገባ። መንገድ ተዘግቶ ልጄ ለበዓል ሳትመጣ የቀረችባቸው ዓመታት ነበሩ። በስልክ ብቻ ነበር የምንገናኘው፤ ስልኩም አንዳንዴ ነው የሚሠራው። የልጅቷን ዕድሜ ከዚያ ጋር ሳስተያየው ይገጥማል። አፍንጫዋን ከልጄ አፍንጫ ጋር በሐሳቤ አስተያየሁ፤ አይመሳሰሉም። ግን አባቷን መስላ ቢሆንስ? አባቷ እሱ ቢሆንስ? እሱን ደግሞ አላየሁትም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከነቀምቴ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የዚያን ሰው ፊት አይቶ መመለስ። ሳላየው እሺ አልልም።

በማግስቱ ልጄ ሥራ ስትሄድ አዳዳ ሰፈር ብቻዬን ሄድኩ። ባለ ሱቋን ሳሙና እየገዛሁ ጠየቅኋት። «የእንስሳት ሐኪሙ? ጥሩ ልጅ ነው። ሥራውን አክባሪ፣ አክስቱን ጧሪ» አለች። ልብስ ሰፊውን ቀሚሴን ላሳጥር ብዬ ገባሁበት። «ጥሩ ልጅ ነው። ሥራውን አክባሪ፣ አክስቱን ጧሪ» አለ። ከቤተ ክርስቲያናቸው የምትመለስ አንዲት ሴት መንገድ ላይ ሰላም ብላኝ እሷንም ጠየቅኋት፤ ቃል አልጨመረችም፣ ቃል አልቀነሰችም። ተማሪ ተመካክሮ ሲመጣ እንዲህ ነው። ለየብቻ ስታመጣቸው አንድ ዓይነት ነገር፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይነግሩሃል። እውነት የሚናገሩ ሰዎች ግን መቼም አንድ ዓይነት አይናገሩም፤ አንዱ ቢያንስ «ችኩል ነው» ይላል፣ ሌላው «ብድር አይመልስም» ይላል። ስለ ሕያው ሰው ሁሉም በአንድ አፍ ሲያመሰግን አንድ ቦታ አንድ ሰው መክሯቸዋል ማለት ነው። መካሪው ማን እንደሆነ ለመገመት ብዙ አልደከምኩም። እሱ ነው አልኩ።

ቅዳሜ ልጄ የድሮውን ቤተ መንግሥት አሳየችኝ። አሁን ሙዚየም ነው፤ ከሰገነቱ ከተማው ወለል ብሎ ይታያል። አስጎብኚው ስለ እንጨቱ ሥራ ሲያስረዳን እኔ ወደ ግቢው በር አየሁ። ፀሐይ ጠራርጋ በወጣችበት ሰዓት አንድ ረጅም ሰው ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ ቆሟል። ጃንጥላውን ፊቱ ላይ እስከ አገጩ አውርዶታል። ለዘበኛው አንድ ነገር ሰጥቶት በፍጥነት ወጣ። ልጄ ዞር ብላ «የረሳሁትን ቁልፍ ነው ያመጣልኝ» አለች፣ እኔ ሳልጠይቃት። ጃንጥላው ሲርቅ እያየሁ ቆየሁ። ወደድኩት ማለት አልችልም፤ ግን በፀሐይ ጃንጥላ ይዞ ሲሮጥ ሳየው ሳቄ መጣ፣ ሳቄንም ዋጥኩት።

እሁድ ወደ ድልድዮቹ ሄድን። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ሰኞ ነው፤ እኔም ማታ ማታ መልሴን ሳዘጋጅ ነበር የሰነበትኩት። «ልጄ ገና ናት» ልበል? ሠላሳ አልፏታል። «እናስብበት» ልበል? እሱ ሁልጊዜም ይሠራል። ቢላ ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ተጉዘን ከሚኒባስ ወረድንና በእግር ቀጠልን። እኔ፣ ልጄና አዳዳ ነን። እሱና የተቀሩት ዘመዶች በሌላ መኪና እንደሚመጡ ነገሩኝ። በሌላ መኪና መሆኑ ግልጽ ነው።

የመጀመሪያው ድልድይ ከሩቅ ሲታይ ወንዝ ላይ የተረሳ ጎተራ ይመስላል። ግንዶቹ የወፍራም ዋንዛ ናቸው፣ በላዩ ቆርቆሮ ተመቶበታል፤ ድሮ የሣር ክዳን እንደነበረ አዳዳ ነገሩኝ። በግራና በቀኝ መቀመጫ አለው። ሴቶች በቆሎ ቅቅል ይሸጡበታል፣ አንዲቷ በርበሬዋን አስጥታበታለች። «ጣሪያው ለሰው አይደለም» አሉኝ አዳዳ፣ ምሰሶውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። «ለእንጨቱ ነው። እዚህ አገር ዝናቡ ብዙ ነው፣ ያልተከደነ እንጨት በቶሎ ይበሰብሳል። ሰው በራሱ ጊዜ ነው ሥሩ የሚጠለለው።» ተቀምጬ በቆሎ በላሁ። ውኃው ከሥሬ ይሄዳል፤ ንፋሱ ደስ ይላል። ልጄ ትወጂዋለሽ ያለችኝ እውነቷን ነበር፤ ወደድኩት። ግን በመጣንበት መንገድ ላይ ዓይኗ ሲመላለስ አየሁ፤ የሆነ ነገር እንዳይቀድማት የምትጠብቅ ትመስላለች።

ሁለተኛው ድልድይ ትልቁ ነው። እዚያ ስንደርስ የወንዙ ዳር በሰው ተሞልቷል፤ የኢሬቻ ቀን ነበር። ሰዉ ነጭ ለብሶ፣ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ፣ ክረምቱን ላሻገረው አምላክ ምስጋና እያቀረበ ሣሩን ውኃ ውስጥ ይነክራል። ዜማው ከገደሉ ሥር ይወጣል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አዳዳ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ በየራሳችን ምክንያት ወደ ውኃው አልወረድንም። ድልድዩ ላይ ጎን ለጎን ቆመን በጣሪያው ሥር ሆነን ከላይ እናይ ነበር። አዳዳ ዜማውን በሹክሹክታ ይከተሉታል። ሳያቸው አፈሩና ዝም አሉ። የዚያን ጊዜ ከልቤ ወደድኳቸው። ጥርጣሬዬ ግን ከቦታው አልተነሳም።

ከመጣንበት በኩል፣ ድልድዩ አፍ አጠገብ አንድ ዋርካ አለ። ጥቁር ጃንጥላ ከሥሩ ቆሟል። ከጃንጥላው ሥር ረጅም እግርና አጠር ያለ እግር ይታያል። ባለ ሹሩባዋ ልጅ አብራው ናት።

ዝናቡ ሲመጣ ማስጠንቀቂያ አልሰጠም። መጀመሪያ ንፋስ ነበር፣ ከዚያ በረዶ ቆርቆሮው ላይ ይዘንብ ጀመር። ወንዝ ዳር የነበረው ሰው በሁለቱም በኩል ወደ ድልድዩ ሮጠ። አሮጊቶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ አበባ የያዙ ልጃገረዶች፣ ሁሉም ገብተው ተጠጋግተን ቆምን። ጣሪያው ሥር ያልገባው እሱ ብቻ ነው። ንፋሱ ጃንጥላውን ገለበጠው። ጃኬቱን አውልቆ ልጅቷን ጠቀለላት፣ ደረቱ ላይ አጣበቃትና ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ቆመ። አዳዳ ተጣርተው ልጅቷን እንዲልካት ነገሩት። ሊያወርዳት ሞከረ፤ ነጎድጓዱን ፈርታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ለቅሶዋ በበረዶው መሃል ይሰማል።

«ግባ በዪው እንጂ፣ ልጅቷ በረዶ እየመታት ነው» አልኳት ልጄን።

«አይገባም።»

«ፊቴን አዞራለሁ።»

«በአንድ ጣሪያ ሥር አይሆንም እማዬ። አዳዳ እያሉ፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየ አያደርገውም።»

ይህን ስትል ዓይኗን ከልጅቷ ላይ አልነቀለችም። ለዘመድ ልጅ ሰው እንዲህ አይሆንም።

«ሹሩባዋን የሠራሽው አንቺ ነሽ» አልኳት።

አልካደችም።

«ልጅቷ የማን ናት? ነገ እሺ በዪ ብለሽ ያመጣሽኝ ለምኑ ነው?»

«የእሱ ናት» አለች። «እናቷ በወሊድ ሞታለች። እኛ ከመተዋወቃችን በፊት ነው። እኔ ሳገኛት መራመድ ጀምራ ነበር።»

በሰው መሃል ስለነበርን ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ የበለጠ ይመርራል። «ታዲያ ለምን ደበቀኝ? ሰፈሩን በሙሉ አስጠንቶ፣ ሥራውን አክባሪ፣ አክስቱን ጧሪ እያስባለ…»

«እሱ አይደለም የደበቀሽ።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ። እሱማ ገና ሳትመጪ በስልክ ልንገራት ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት። አዳዳንም እኔ ነኝ የለመንኳቸው፣ ውሸት አልናገርም ብለው ስንት ቀን እንቢ ብለውኛል። ባለ ሱቋንም፣ ልብስ ሰፊውንም፣ ጎረቤቱንም ቤት ለቤት ዞሬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌው መጥቶ እሺ ካልሽ በኋላ ልነግርሽ ነበር።»

«ለምን?» አልኳት። የማውቀውን ነገር ነው የጠየቅሁት።

«ከሰማሽ ድንኳኑ ስለሚመጣብሽ። እሱን ሳታይው፣ እሷን ሳታያት፣ የዚያችን ሴትዮ ልጆች ነው የምታይው። እኔም እዚያ ነበርኩ እኮ እማዬ። እንዴት እንዳየሻቸው አይቻለሁ።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ዋሽቶኛል፤ እንደዚህ ያመመኝ ግን የለም። አንድ ሳምንት ሙሉ ጃንጥላ ሳሳድድ፣ ቡትስ ስመረምር ከረምኩ፤ አገሩን በአንድ አፍ ያናገረችው አጠገቤ ተኝታ የምታድረው ልጄ ነበረች። ያደረገችውም ለክፋት አይደለም፣ እኔን ፈርታ ነው። ተናደድኩባት። አዘንኩባት። የተናገረችውም እውነት መሆኑ ከሁሉ የበለጠ አናደደኝ፤ የልጅቷን ለቅሶ እየሰማሁ እንኳ በዓይኔ ላይ የነበሩት የወልዲያዎቹ ልጆች ናቸው፣ በድንኳኑ በር ላይ ተደርድረው።

ከዚያ ምን አስቤ እንደሄድኩ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እኔ ካልወጣሁ እሱ አይገባም። በዚያ ላይ ልጄ አጠገብ መቆም አቅቶኛል። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ገፉኝ። «እለፉኝ፣ እለፉኝ» እያልኩ በሰዉ መሃል ተሹለክልኬ በወዲያኛው በኩል ከጣሪያው ሥር ወጣሁ። በረዶው አናቴን መታኝ። ነጠላዬን በራሴ ላይ ጥዬ፣ ድልድዩን ከኋላዬ አድርጌ፣ ጭቃው ላይ ቆምኩ።

ከኋላዬ ያለው ጫጫታ ቆመ። ከዚያ ከባድ እርምጃ ሳንቃው ላይ ሲገባ ተሰማኝ፤ የልጅቷም ለቅሶ ከጣሪያው ሥር ሆነ፣ እየቀነሰ ሄደ። አዳዳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሰዉ ተቀበላቸው። ከዚያ አሮጊቶቹ እልል አሉ፤ የማያውቁኝ፣ የማላውቃቸው አሮጊቶች።

ልጄ ሮጣ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ፀጉሯ ወዲያው በሰበሰ።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳት።

«ሸሸሽው እኮ።»

«ማንን?»

«እሱን። መሸሽ የእሱ ብቻ አይደለም፤ የሙሽራዋም እናት ትሸሸዋለች። እናት የምትሸሸው ግን ልጇን ከሰጠች ብቻ ነው። አዳዳ ‹ልጃቸውን ሰጡን፣ በዝናብ ወጥተው ሰጡን› እያሉ ለሰዉ እየነገሩ ነው።»

«እኔ ለሕፃኗ ብዬ ነው የወጣሁት» አልኳት። «ደግሞ ባንቺም ተናድጄ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

ዞር ብል አየው ነበር። ድልድዩ ውስጥ፣ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆሟል፤ ልጅቷን እንደያዘ ነው፤ አፍንጫና አፍንጫ ጎን ለጎን፣ ጃንጥላ የለም፣ ጓሮ የለም። ለዚህች ሰዓት ብዬ ነበር ሳምንቱን ሙሉ የደከምኩት። ልጄ ፊቴን ታያለች። በጉንጯ የሚወርደው ዝናብ ይሁን እንባ አልለየሁትም።

«ተመልሼ ልንገራቸው?» አለችኝ። «እናቴ አልሰጠችም፣ ለሌላ ነገር ነው የወጣችው ልበላቸው? ከፈለግሽ እላቸዋለሁ። ከእንግዲህ የምደብቅሽ ነገር የለም።»

እንደምትላቸው አልተጠራጠርኩም። ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ሳብኩት፣ እጇን ያዝኩ፣ ጀርባዬን ለድልድዩ እንደሰጠሁ ቆየሁ።

«ተያቸው» አልኳት።